ለዳንስ የመጡ፣ ለሙግት የሠለጠኑ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ወዳጃሞች ክርክር ነው። ጄ. ጄ. በርጊን በአየርላንድ የኪልዴር አውራጃ፣ የአታይ ሰው ነበር። ዴኒስ አለን ደግሞ የዌክስፎርድ አውራጃ፣ የጎሪ ሰው። ሁለቱም የየአውራጃቸው አራሽ ከሌላው ይበልጣል ባዮች ናቸው። ክርክሩ በቃል ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ተወራረዱ፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1931 ከአታይ ወጣ ብሎ ኮርስታውን በሚባል ቦታ የዘጠኝ አውራጃ አራሾች ፈረሶቻቸውንና ማረሻዎቻቸውን ይዘው ተሰበሰቡ።

የእርሻ ውድድር ላላየው ሰው አሰልቺ ይመስለዋል። ሁለት ፈረስ፣ አንድ ማረሻ፣ ከኋላ የሚራመድ አንድ ሰው፤ ሩጫ የለ፣ ግብ የለ። ለሚያውቅ ዓይን ግን ሁሉም ነገር ያለው የመጀመሪያው ትልም ላይ ነው። አራሹ ከማሳው ጫፍ ቆሞ በወዲያኛው ጫፍ የተተከለችውን እንጨት ያነጣጥራል፤ ፈረሶቹን በድምፁና በልጓሙ ብቻ እያረቀ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ትልም ትንሽ ከጎበጠ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይጎብጣል። ዳኞቹ ከማሳው ራስ ላይ ቆመው ትልሞቹን በዓይናቸው ይከተላሉ። የተገለበጠው አፈር እኩል ተደርድሯል ወይ? ሣሩ ሙሉ በሙሉ ተቀብሯል ወይስ በየመገጣጠሚያው ብቅ ብቅ ብሏል? የመጨረሻው ትልም ጥልቀቱ ተመጥኗል? ከፍጥነት ይልቅ የሚታየው የእጅ ጥራት ነው። በዚያ ቀን ያሸነፈው ዌክስፎርድ ነበር። በርጊን ውርርዱን ቢሸነፍም ውድድሩን አልተወውም፤ ከዚያ ቀን የተወለደውን ብሔራዊ የእርሻ ውድድር ማኅበር እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ መራው።

ከዚህች ከአታይ ከተማ ከ13 ዓመት በኋላ ሌላ ነገር ይነሣል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የዚያን ዘመን የገጠር ወጣት ሕይወት ማየት ያስፈልጋል። ያለዚያ አንድ የወጣቶች ክበብ፣ አንድ የምሽት ዳንስ፣ አንድ የጊደር ውድድር ለምን ያን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበረ አይገባንም።

የአየርላንድ ገበሬ ለብዙ ዘመን ጭሰኛ ነበር። መሬት ላራሹ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ የዚያን አገር ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወጡ ሕጎች፣ በተለይም በ1903ቱ አዋጅ፣ ጭሰኛው ከመንግሥት ተበድሮ መሬቱን ከባለርስቱ እየገዛ ባለቤት ሆነ። በብዙ መከራ የተገኘ መሬት ደግሞ በቀላሉ ከእጅ አይለቀቅም። አባት እስኪሞት ወይም እስኪደክም መሬቱን ይዞ ይቆያል፤ ልጁ ደመወዝ ሳይኖረው፣ የእኔ የሚለው ላም ሳይኖረው፣ በአባቱ ማሳ ላይ ይሠራል። ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ በሰፈሩ ዘንድ ገና «ልጁ» ነው። ማግባትም አይችልም፤ ሚስት የሚያስገባበት ቤት የአባቱ ነውና። በ1940ዎቹ አጋማሽ አንድ አየርላንዳዊ ሲያገባ ዕድሜው በአማካይ 33 ነበር፤ ገበሬው ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ገጣሚው ፓትሪክ ካቫና በ1942 ያሳተመው «ታላቁ ረሃብ» የተሰኘ ረጅም ግጥም የሚናገረው ስለዚሁ ነው፤ ረሃቡ ግን የእህል አልነበረም።

የ1930ዎቹ ፖለቲካም ለገበሬው አላዘነለትም። ከ1932 እስከ 1938 ድረስ አየርላንድና ብሪታንያ በንግድ ተጣሉ፤ ብሪታንያ በአየርላንድ ከብት ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። ዋናው ገበያ ስለተዘጋ ጥጃ ዋጋ አጣ፤ መንግሥት ለቆዳው ገንዘብ እየከፈለ ጥጆች እንዲታረዱ አደረገ። አንድ የገበሬ ልጅ ያሳደገውን ጥጃ ለቆዳው ብቻ ሲታረድ እያየ ማደጉ ምን እንደሚያሳድርበት መገመት አያስቸግርም። መዝናኛውም ጠባብ ነበር። በ1935 የወጣው የዳንስ አዳራሾች አዋጅ ያለ ፈቃድ ዳንስ ማዘጋጀትን ከለከለ፤ በየቤቱ፣ በየመንገዱ መገናኛ ይደረግ የነበረው ጨዋታ ደበዘዘ። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አየርላንድ ገለልተኛ ብትሆንም ከችግሩ አላመለጠችም፤ ማዳበሪያ ጠፋ፣ ገበሬው መሬቱን እህል እንዲዘራበት በሕግ ተገደደ፣ ሻይ በግራም ተመዝኖ የሚታደል ሆነ፣ ቤንዚን በመጥፋቱ ከ1943 ወዲህ የግል መኪና ከመንገድ ወጣ ማለት ይቻላል። የቀረው ብስክሌት ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ፣ በ1944፣ በአታይ የሙያ ትምህርት ቤት የገጠር ሳይንስ የሚያስተምር ስቲፈን ከሊናን የተባለ መምህር የወጣት ገበሬዎች ክበብ አቋቋመ። በሌሎች አካባቢዎችም እንደ እርሱ ያሉ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ተመሳሳይ ሐሳብ ነበራቸውና ክበቦቹ ተያይዘው አንድ አገር አቀፍ ድርጅት ሆኑ። ስሙ በአገሬው ቋንቋ ማክራ ና ፌሪሜ ሆነ፤ ባጭሩ ማክራ ይሉታል። አባል ለመሆን ዕድሜ ለረጅም ጊዜ ከ17 እስከ 35 ነበር። የአባል ልጅ፣ የሹም ልጅ የሚባል ነገር የለም፤ ሃይማኖትና የፖለቲካ ወገን አይጠየቅም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ከ20 ዓመት በፊት በእርስ በርስ ጦርነት የተላለቁ ሰዎች ልጆች ናቸው በአንድ አዳራሽ የሚቀመጡት።

የከሊናን ዓላማ ሁለት ፈትል ነበረው። አንደኛው ትምህርት ነው። ወጣቱ ስለ አፈር፣ ስለ መኖ፣ ስለ ከብት እርባታ የሚያውቀው ከአባቱ ያየውን ብቻ ነበር፤ አባቱም ከአያቱ። ሁለተኛው መገናኘት ነው። ታዛቢ ሆኜ ስመለከተው የክበቡ ብልሃት ሁለቱን አለመለየቱ ይመስለኛል። ለብቻው የተዘጋጀ የአፈር ትምህርት በክረምት ማታ፣ በዝናብ፣ ብስክሌት እየነዳ የሚመጣ ሰው አያገኝም። ከትምህርቱ በኋላ ሻይና ሙዚቃ ካለ፣ የጎረቤት አጥቢያ ክበብ ለውድድር የሚመጣ ከሆነ፣ ከዚያ ክበብ ጋር አንዲት የታወቀች ልጅ የምትመጣ ከሆነ ግን ዝናቡ ይረሳል። ወጣቱ ለዳንሱ ይመጣል፤ ስለ ኖራና ስለ ፎስፌት ሰምቶ ይሄዳል።

ከውድድሮቹ ሁሉ ክበቡን ክበብ ያደረገው የከብት ዳኝነት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አራት ጊደሮች ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በየልጓማቸው ተይዘው በግቢው ይቆማሉ። ተወዳዳሪው ካርድና እርሳስ ይዞ ይዞራቸዋል። ከሩቅ ይጀምራል፤ ቁመናቸውን፣ ጀርባቸው ቀጥ ማለቱን፣ አረማመዳቸውን ያያል። ከዚያ ይጠጋል። የወተት ጊደር ከሆነች ዓይኑ ወደ ግቷ ይሄዳል፤ ከሆዷ ጋር ተጣብቋል ወይስ ተንጠልጥሏል? ጡቶቹ እኩል ተራርቀዋል? የኋላ እግሮቿ ሲታዩ ለግቱ ቦታ ይለቃሉ? የሥጋ ከብት ከሆነ ሽንጥና ዳሌው ይዳሰሳል፤ የጎድን አጥንቱ ላይ ያለው ሥጋ በመዳፍ ይለካል። ሰዓቱ ሲያልቅ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ብሎ ካርዱን ያስረክባል።

ፈተናው ግን ገና ነው። ተወዳዳሪው ከዳኛው ፊት ቆሞ ምክንያቱን በቃሉ መናገር አለበት። ሦስትን ከአንድ ለምን አስቀደምክ? ሁለትን ከመጨረሻ ያደረስካት ምን አይተህባት ነው? «ደስ ስላለችኝ» አያስኬድም። የዳኛው ደረጃ ሌላ ቢሆንም እንኳ ሐሳቡን በደንብ ያስረዳ ሰው ነጥብ ያገኛል። ነገሩን ስናስበው ይገርማል። በአባቱ ቤት አስተያየት ተጠይቆ የማያውቅ የ19 ዓመት ልጅ ከአንድ የታወቀ ከብት አርቢ ፊት ቆሞ፣ እኔ እንዲህ አየሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው ይላል። ያም ትልቅ ሰው ቃሉን እስኪጨርስ ያዳምጠዋል።

ከጊደሩ ግቢ ወደ አዳራሹ የሚወስደው መንገድ አጭር ነበር። ማክራ ክርክርና የአደባባይ ንግግርን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የውድድር ዓይነት አደረጋቸው። ክበብ ከክበብ ይገናኛል፤ አርእስት ይሰጣል፤ አንዱ ወገን ይደግፋል፣ ሌላው ይቃወማል። ዕጣው ያመጣብህን ወገን ነው የምትይዘው፤ የማታምንበትን ሐሳብ ተሟግተህለት ማደር ሊኖርብህ ይችላል። አሸናፊው ከአውራጃ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አገር አቀፍ ይሻገራል። ድራማም ተጨመረ። ከላም አለባ መጥቶ እጁን የታጠበ ወጣት መድረክ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት እናቱ ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ ታየዋለች። በበጋ ደግሞ ምሽቱ ረጅም ነውና ጨዋታው ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ገመድ ጉተታ፣ የሽቦ አጥር ሥራ፣ በግ መሸለት፣ ተሳቢ የተቀጠለበትን ትራክተር ወደ ኋላ እየነዱ በጠባብ በር ማስገባት። የመጨረሻው የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም፤ የሞከረው ያውቀዋል።

ከሁሉም በኋላ ዳንስ ነው። አኮርዲዮንና ቫዮሊን፣ ኬሊ የሚባለው የአገሬው ጭፈራ፣ ቀጥሎም ዋልስ። የመግቢያው ገንዘብ የክበቡ ካዝና ነበር። ብዙ ሽማግሌዎች ትዳራቸው ከየት እንደተጀመረ ሲጠየቁ የሚያነሡት ይህንን አዳራሽ ነው። ስለ ማክራ የሚጻፍ ታሪክ ይህን እንደ ጌጥ አድርጎ በጎን ሲያልፈው ቅር ይለኛል። ገጠሩ ባዶ እየሆነ በነበረበት ጊዜ ሁለት ወጣቶች ተዋውቀው፣ ተጋብተው እዚያው መቅረታቸው ከማናቸውም የማዳበሪያ ምክር የማይተናነስ የልማት ሥራ ነው።

በ1946 መከር ላይ ዝናቡ አላባራ አለ፤ እህሉ ማሳ ላይ ሊበሰብስ ደረሰ። መንግሥት የከተማ ሰው ጭምር ለዘመቻ ጠራ፤ ከደብሊን በሺህ የሚቆጠር ሰው ወጥቶ ነዶ አሰረ። ገጠሩ እርስ በርስ መረዳዳት ድሮም ያውቅበታል፤ እኛ ደቦ የምንለውን እነርሱ ሜሄል ይሉታል፤ ከጎረቤት ሰው ተሰብስቦ በየተራ የአንዱን የአንዱን እህል ያነሣል። ክበቦቹ ያን ልማድ በወጣት እጅ ያቆዩ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለገጠር ኤሌክትሪክ የመጀመሪያው ምሰሶ በደብሊን አውራጃ ኪልሳለሃን ተተከለ፤ በጃንዋሪ 1947 ኦልድታውን የተባለችው መንደር መብራት አገኘች። ምሰሶው ወደ እያንዳንዱ አጥቢያ እስኪደርስ ግን ዓመታት ወሰደ፤ እስከዚያ ድረስ ክርክሩም ዳንሱም በፋኖስ ነበር።

በ1948 ክበቦቹ የራሳቸውን ጋዜጣ ጀመሩ። ዛሬ አይሪሽ ፋርመርስ ጆርናል የሚባለውና በአየርላንድ ገጠር ሳይነበብ የማይታደረው ሳምንታዊ ጋዜጣ መነሻው ይህ ነው። በ1952 ደግሞ ለታዳጊዎች ማክራ ና ቱዋሄ የተባለ ታናሽ ድርጅት ወለዱ፤ እርሱም በኋላ ፎሮጌ ተብሎ የአገሪቱ ትልቅ የወጣቶች ድርጅት ሆኗል። በ1954 የዓለም የእርሻ ውድድር በኪላርኒ ሲደረግ በሁለት ወዳጃሞች ውርርድ የተጀመረው ነገር የዓለም እንግዳ ተቀበለ። በቀጣዩ ዓመት በብሔራዊው ውድድር ሴቶች የሚወዳደሩበት ክፍል ተከፈተ፤ አሸናፊዋም የማረሻ ንግሥት ተባለች።

ይሁን እንጂ የ1950ዎቹ ትልቁ ዜና ስደት ነበር። ከ1951 እስከ 1961 ባለው ጊዜ ውስጥ 400,000 የሚያህል ሰው አገሩን ለቆ ሄደ። በ1961 የተቆጠረው ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራዎች ሁሉ እንደዚያ አንሶ አያውቅም። አብዛኛው የሄደው ከገጠር፣ አብዛኛውም ወጣት፤ ሴቶቹም ከወንዶቹ አላነሱም። አንድ ክበብ በመስከረም የገመድ ጉተታ ቡድን አቋቁሞ በፋሲካ ሰው ሊያጣ ይችላል፤ ግማሹ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም፣ የግንባታ ሥራ ላይ ነው። ልጁን የሸኘ ቤተሰብ የሚሰማውን እኛ ዛሬ ከቦሌ አየር ማረፊያ በር ላይ እናየዋለን።

የቀሩት ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር ገባቸው። ላሙን በደንብ መርጠህ፣ ሣሩን በደንብ አብቅለህ፣ ወተቱን አብዝተህ ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ሰው ከሆነ ልፋትህ የት ይደርሳል? ማክራ የወጣቶች ክበብ ነው፤ የዕድሜ ገደቡ ሲያልፍ ትወጣለህ፤ ከመንግሥት ጋር ስለ ዋጋ የሚደራደር አካል አይደለም። ክበቡን የጨረሱት ሰዎች ግን መሟገት ለምደዋል፤ ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሒሳብ ማወራረድ ያውቃሉ። በማክራ አነሣሽነት ጃንዋሪ 6 ቀን 1955 በደብሊን ፎር ኮርትስ ሆቴል ከየአውራጃው የመጡ ገበሬዎች ተሰብስበው ብሔራዊ የገበሬዎች ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሁዋን ግሪን ነበር። ዛሬ የአየርላንድ ገበሬዎች ማኅበር ተብሎ የሚታወቀው፣ በአውሮፓ ሳይቀር የሚፈራው ድርጅት ይህ ነው። ከአጥቢያ የክርክር ዋንጫ ወደ ሚኒስትር ጠረጴዛ ለመድረስ የፈጀው 11 ዓመት ብቻ ነው።

የዚያ ሥልጠና ፈተና የመጣው በ1966 ነው። የከብት ዋጋ ወድቋል፣ የወተት ዋጋ አልተስተካከለም፣ የግብርና ሚኒስትሩ ቻርልስ ሆሂ ገበሬዎቹን ለማነጋገር ፈቃደኛ አይደሉም። ኦክቶበር 7 ቀን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሪካርድ ዴሲ ከጥቂት ጓዶቻቸው ጋር ከአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከባንትሪ፣ በእግራቸው ወደ ደብሊን ተነሡ። መንገዱ 217 ማይል፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በየከተማው ሰው ይቀበላቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ ጫማ የተቀደደበት ጫማ ያገኛል፤ ከየአቅጣጫው ሌላ ሰልፍ እየመጣ ይቀላቀላል። ከ12 ቀን በኋላ ደብሊን ሲደርሱ 30,000 የሚያህል ገበሬ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ሚኒስትሩ በራቸውን አልከፈቱም። ዴሲና ስምንት ሰዎች በሜሪየን ጎዳና ባለው የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ቀን ተቀመጡ፣ ማታ እዚያው አደሩ። የደብሊን ሰው ሻይና ብርድ ልብስ ያመጣላቸው ጀመር። ደረጃው ላይ 20 ቀን ቆዩ። ላም የሚታለበው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደብሊን ደረጃ ላይ ሲቀመጡ የሰፈራቸው ሰው እየገባ ያልብላቸው፣ ያበላላቸው ነበር። በኖቬምበር የመንግሥት ሹም ሽር ሆኖ ሆሂ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ሲዛወሩ የገበሬዎቹን ጉዳይ ሌላ ሚኒስትር ተረከበ። ጠቡ በዚያ አላለቀም፤ በቀጣዩ ዓመት መንገድ በመዝጋት የታሰሩ ገበሬዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ገበሬውን ሳያማክር የእርሻ ፖሊሲ ማውጣት ለማንም መንግሥት አልቀለለም። ያ ሰልፍ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው የእግር መንገዱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሥርዓቱ ነው። ከ30,000 ሰው ጋር ሆኖ ቃል አሳጥሮ መናገር፣ ተራ መጠበቅ፣ ከሌላው ወገን የሚመጣውን መከራከሪያ አስቀድሞ ማሰብ በአንድ ቀን አይለመድም። የአጥቢያው አዳራሽ ያስለመደው ይህንን ነበር።

ጃንዋሪ 1973 አየርላንድ የአውሮፓ የጋራ ገበያን ተቀላቀለች፤ ዋጋ ተሻለ፣ እርሻው ዘመነ። በ1984 የወተት ኮታ መጣ፤ ገበሬው ከተመደበለት በላይ እንዳያመርት ታገደ፤ ኮታው የተነሣው በ2015 ነው። ከእነዚህ ዓመታት የማነሣው አንድ የማክራ ሥራ አለ። የወተት ከብት ያለው ሰው ሰርግ መሄድ አይችልም፤ ሲታመም አይተኛም፤ እሑድም ገናም ላሞቹ አሉ። ማክራ በ1980 የእርሻ ተተኪ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ እንዲቋቋም አደረገ። ገበሬው ይደውላል፤ የሠለጠነ ሰው መጥቶ ላሞቹን ያልብለታል፤ እርሱ ሰርጉን በልቶ፣ ወይም ሐኪም ቤት ደርሶ፣ ወይም የክርክር ፍጻሜውን ተሟግቶ ይመለሳል። ሐሳቡን ያመነጩት ከከብቶቻቸው ተላቀው ማምሸት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ወጣቶች መሆናቸው ያስታውቃል።

ማኅበራዊው ጎን ከዘመኑ ጋር መልኩን እየለወጠ ቀጠለ። የኦፋሊ አውራጃ አባላት በተለሞር ከተማ በየዓመቱ የምድር ንግሥት የሚባል ፌስቲቫል ያዘጋጃሉ፤ የየአውራጃው ክበብ አንዲት ተወካይ ይልካል፤ ዳኞቹ የሚያዩት አነጋገሯን፣ ጨዋታዋን፣ ለማኅበረሰቧ የሠራችውን ነው። እንግዶቹ በተለሞር አካባቢ በገበሬ ቤት ያድራሉ፤ በዚያ ሰበብ የኬሪና የዶኒጎል አውራጃ ልጆች ይተዋወቃሉ። የዓመቱ ወጣት ገበሬ የሚባለው ሽልማት ደግሞ እርሻውን ራሱን ይመዝናል፤ ዳኞች ከብቱን ብቻ ሳይሆን መዝገቡን፣ ዕቅዱን፣ የደኅንነት ጥንቃቄውን ይጠይቃሉ።

መሰብሰብ ራሱ የሚከለከልበት ጊዜም መጥቷል። በ2001 የአፍና የእግር በሽታ በብሪታንያ ተነሥቶ ማርች ላይ በላውዝ አውራጃ ኩሊ በተባለው ልሳነ ምድር አንድ መንጋ ላይ ተገኘ። የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰልፍ ሳይቀር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ የእርሻ በሮች ላይ በመድኃኒት የተነከረ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ገበሬ ወደ ጎረቤቱ ግቢ አልረግጥ አለ። የክበብ ምሽት፣ የከብት ዳኝነት፣ የሜዳ ጨዋታ የማይታሰብ ሆነ። በአየርላንድ ሪፐብሊክ በሽታው ከዚያ አንድ ቦታ አላለፈም፤ ሰው ቤቱ መቀመጡም ለዚህ አግዟል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ፤ ያኔ ክርክሮቹ በስልክና በኮምፒውተር ቀጠሉ፤ ገመድ ጉተታ ግን በኮምፒውተር አይደረግም።

በመካከሉ፣ በ2019፣ የበርጊንና የአለን ውርርድ ልጅ የሆነው ብሔራዊ የእርሻ ውድድር በካርሎ አውራጃ ፌናህ ላይ ሲደረግ በሦስት ቀን 297,000 ሰው መጥቶበታል። ትራክተሩ፣ ማሽኑ፣ የባንክ ድንኳኑ፣ የምግብ ጭሱ ብዙውን ቦታ ይዞታል። ከዚያ ግርግር ወጣ ብሎ ባለው ማሳ ላይ ፈረስ የያዙ አራሾች ዛሬም የመጀመሪያውን ትልም ለማቅናት በዝምታ ይሠራሉ።

ከቁጥሮች ሁሉ ማክራን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። በ2020ው የእርሻ ቆጠራ ከእርሻ ባለቤቶች ውስጥ ሲሶው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ከ35 ዓመት በታች ያለው 7 በመቶ አይሞላም። የ1940ዎቹ «ልጁ» ዛሬም አለ፤ ልዩነቱ አሁን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ፣ ከተማ ውስጥ ሥራ ማግኘት እየቻለ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። መጠበቅ ሲሰለቸው ይሄዳል። አባትየውም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ መሬቱን ቢያስረክብ በምን እንደሚጦር ስለሚያሳስበው ነው።

በጁን 2023 የማክራ አባላት ለዚህ ሌሊቱን ተራመዱ። ድርጅታቸው የተመሠረተበትን 79 ዓመት አስበው 79 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደብሊን ከመንግሥት ሕንፃ ደጃፍ ደረሱ። በገጠር ቤት የመሥራት ፈቃድ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት፣ የእርሻ ገቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዛውንቱ ገበሬ ሳይጎዳ መሬቱን ለወጣቱ የሚያስረክብበት ሥርዓት ነበር ጥያቄያቸው። በ2024 መንግሥት በእርሻ ላይ የትውልድ መተካካትን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ።